የአርሶ አደሩ ሒሳብ በየኬላው እንዴት በሰላም ይለፍ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በመረጃ ሥርዓት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)







ዛሬ ከዚህ መድረክ ስለ ምርት ማሳደግ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር አቅርቦት ሰፊ ገለጻ ተደርጓል። የእኔ ድርሻ ለዓይን ስለማይታይ ጉዳይ መናገር ነው። ይኸውም በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን፣ በዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት፣ በባንኩና በገዢው ድርጅት መካከል በኮምፒዩተር መስመር የሚመላለሰው ሒሳብ ነው። ርዕሱ የባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ አባል እህሉን አስረክቦ ክፍያው መንገድ ላይ ቢቀር፣ ወይም አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ቢወጣ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በአባሉ ኪስና በዓመቱ መጨረሻ በሚከፋፈለው ትርፍ ላይ ነው። በተጨማሪም የዩኒየኑን ሥርዓት ከባንክና ከገዢዎች ሥርዓት ጋር በቀጥታ የማገናኘቱ ሐሳብ በቅርቡ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል። ውሳኔው የእናንተ በመሆኑ የምትወስኑት ነገር ምን እንደሆነ በሚገባ ልትረዱት ይገባል።

አንድ ሽያጭ፣ አራት መዝገብ

ነገሩን በምሳሌ ልጀምር። አንድ አባል 8 ኩንታል ስንዴ ለመሠረታዊ ማኅበሩ አስረከበ እንበል። ለስሌት እንዲመች ዋጋውን በኩንታል 5,000 ብር ብናደርገው ጠቅላላ ክፍያው 40,000 ብር ይሆናል። ይህ አንድ ሽያጭ በአራት ቦታ ይመዘገባል። በማኅበሩ መጋዘን 8 ኩንታል ገቢ ይሆናል። በዩኒየኑ መዝገብ 40,000 ብር የሚከፈል ዕዳ ይያዛል። በባንኩ ከዩኒየኑ ሒሳብ 40,000 ብር ተቀንሶ በአባሉ ሒሳብ ላይ ይደመራል። ገዢው ድርጅት ደግሞ ካዘዘው ስንዴ ውስጥ 8 ኩንታል እንደተዘጋጀለት ይመዘግባል።

አራቱም መዝገቦች በአንድ ቤት ውስጥ ቢሆኑ ችግሩ ቀላል ነበር። የሚገኙት ግን በአራት የተለያዩ ድርጅቶች ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ኮምፒዩተር፣ የራሱ ባለሙያና የራሱ ጥበቃ አለው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምዝገባ መካከል መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ስንዴው ገብቷል፣ ዕዳው ተመዝግቧል፣ ገንዘቡ ግን አልተላለፈም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ባንኩ ከፍሎ ሳለ «ከፍያለሁ» የሚለው መልስ ሳይደርሰን ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ዝም ብንል አባሉ ሊጎዳ ይችላል። ደግመን ብንልክ ዩኒየኑ 80,000 ብር ሊከፍል ይችላል።

በበርካታ ቦታዎች የሚከናወን ይህን ዓይነት ሥራ ባለሙያዎች የተሠራጨ ትራንዛክሽን ይሉታል። ዋና ሕጉ አጭር ነው፤ ሥራው ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል፤ ግማሽ የሚባል የለም።

በሬ ሲሸጥ

ይህ ሕግ ለእኛ አዲስ አይደለም። በገበያ ቀን በሬ ሲሸጥ ሻጩ ገመዱን ቀድሞ አይለቅም፤ ገዢውም ገንዘቡን ቀድሞ አይሰጥም። መሐል ያለው ሰው ሻጩን «በዚህ ዋጋ ትሸጣለህ?» ይለዋል። ገዢውንም «ገንዘቡ በእጅህ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም «አዎን» ካሉ በኋላ ብቻ ገመዱና ገንዘቡ እጅ ይለዋወጣሉ። አንዳቸው «አይ» ካሉ ሁሉም ያለውን ይዞ ይመለሳል።

የኮምፒዩተር ሰዎች ይህንኑ አሠራር ባለ ሁለት እርከን ማጽደቅ ብለው ሰይመውታል። በመጀመሪያው እርከን አስተባባሪው ኮምፒዩተር ለሁሉም «ዝግጁ ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ይልካል። በሁለተኛው እርከን ሁሉም «አዎን» ካሉ «አጽድቁ»፣ አንዱ እንኳ «አይ» ካለ «ሰርዙ» ብሎ ያዛል። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አሠራር በዝርዝር አስረድቷል። በትራንዛክሽን ዙሪያ ላበረከተው ሥራም እ.ኤ.አ. በ1998 በሙያው ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል።

አሠራሩ በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ በሚገባ ይሠራል። በድርጅቶች መካከል ሲሆን ግን ትልቅ እንቅፋት አለው። «ዝግጁ ነኝ» ያለ ኮምፒዩተር የመጨረሻው ትእዛዝ እስኪደርሰው ድረስ መዝገቡን ቆልፎ መጠበቅ ግዴታው ነው። አስተባባሪው መልስ ሳይሰጥ መስመር ቢቋረጥ የተቆለፈው ሒሳብ እንደተቆለፈ ይቆያል። በበሬው ምሳሌ ብንሄድ፣ መሐል ያለው ሰው ሁለቱንም «ቆዩ» ብሎ በዚያው እንደመጥፋት ነው። ሻጩ በሬውን ለሌላ መሸጥ አይችልም፤ ገዢውም ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ማዋል አይችልም። የመኸር ወቅት ደርሶ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላት በሚሰለፉበት ቀን፣ መስመር በሚቆራረጥበት ወረዳ፣ ይህ ምን ያህል እንደሚያጉላላ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የትኛውም ባንክ ቢሆን የደንበኞቹን መዝገብ ሌላ ድርጅት እንዲቆልፍበት የሚፈቅድበት ምክንያት የለም።

የኬላው ጉዳይ

ሁለተኛው እንቅፋት ጥበቃው ነው። እያንዳንዱ ድርጅት በኔትወርኩ መግቢያ ላይ ፋየርዎል የሚባል መሣሪያ ያቆማል። ፋየርዎልን እንደ መንገድ ኬላ ማሰብ ይቻላል። መኪና ሲደርስ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና በየትኛው በር መግባት እንደሚፈልግ ያያል፤ በተሰጠው ዝርዝር መሠረትም ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እስከ 65,535 ቁጥር የሚደርሱ፣ ፖርት የሚባሉ በሮች አሉ። የጥሩ ጥበቃ መርሕ ሁሉንም ዘግቶ የሚያስፈልገውን ብቻ መክፈት ነው።

ባለ ሁለት እርከን ማጽደቅን የሚያስፈጽሙት ቀደምት መሣሪያዎች የተሠሩት ግን በመካከላቸው ኬላ ለሌለባቸው፣ በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ኮምፒዩተሮች ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገኘውን የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ አስተባባሪ እንውሰድ። በመጀመሪያ በ135ኛው በር ያንኳኳል። ከዚያ ለንግግሩ የሚሆን ሌላ በር ይመደብለታል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ይህ በር የሚመደበው ከ49152 እስከ 65535 ካሉት 16,384 በሮች መካከል ነው። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ንግግሩን ሁለቱም ወገኖች መጀመር ስለሚችሉ በሮቹ በሁለቱም በኩል መከፈት አለባቸው። በተጨማሪም ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በስም መተዋወቅ ይኖርባቸዋል።

የበሮቹን ብዛት ማጥበብ እንደሚቻል ባለሙያ ያውቃል። ነገር ግን ሥራው የተጣደፈ ሰው የሚመርጠው ቀላሉን ነው፤ «ለጊዜው ሁሉንም ክፈቱት» ይላል። የማውቀው አንድ ድርጅት ለሙከራ ብሎ ከአጋሩ ጋር ያለውን ኬላ ሙሉ በሙሉ ከፈተ። ሙከራው ካለቀ ከብዙ ወራት በኋላም በሩ እንደተከፈተ ተገኘ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። የተከፈተ በር ደግሞ እንግዳ አያጣም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ሲያጠቃ የገባው በዚሁ ባነሳሁት በ135ኛው በር ነበር።

ይህን ችግር ለማቃለል ኦኤሲስ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ስምምነት አጸደቀ። በዚህ ስምምነት የ«ዝግጁ ናችሁ?» ጥያቄና መልሱ በተለመደው የድረ ገጽ መንገድ፣ ተመስጥሮ፣ በ443ኛው በር ሊመላለስ ይችላል። የበሩ ጉዳይ በዚህ መልክ ተቃለለ። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የመቆለፍ ችግር ግን እንዳለ ቀረ። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው ሌላ መንገድ ነው።

ደረጃ በደረጃ መሥራት

እ.ኤ.አ. በ1987 ሄክተር ጋርሲያ ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም የተባሉ ተመራማሪዎች ሳጋ የሚል ስም የሰጡትን አሠራር አቀረቡ። ሐሳቡ ረዥሙን ሥራ በአጫጭር ደረጃዎች መክፈል ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ደረጃ በራሱ ቤት ያጸድቃል፤ የማንንም መዝገብ አይቆልፍም። ከደረጃዎቹ አንዱ ቢሰናከል ቀደም ብለው የተፈጸሙት በማካካሻ ምዝገባ ይስተካከላሉ።

የሒሳብ ሠራተኞቻችን ይህን አሠራር ከማንም በላይ ያውቁታል። የተሳሳተ ምዝገባ በላጲስ አይጠፋም፤ በተቃራኒ ምዝገባ ይስተካከላል፤ ሁለቱም በመዝገብ ላይ ይታያሉ። በእኛ ምሳሌ የአባሉ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ስህተት ሆኖ ባንኩ ክፍያውን ቢመልሰው፣ ስንዴው ከመጋዘን መዝገብ አይሰረዝም። ክፍያው «ያልተፈጸመ» ተብሎ ይያዛል፣ ገንዘቡ ይቆያል፣ ለማኅበሩ ጸሐፊም ማሳሰቢያ ይደርሰዋል።

ይህ አሠራር እንዲሠራ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም ቁጥር ይኑረው። መልስ ካልመጣ ያንኑ ትእዛዝ በዚያው ቁጥር ደግመን እንልካለን። ባንኩ ቁጥሩን አይቶ «ይህን ከፍዬዋለሁ» ይላል እንጂ ዳግመኛ አይከፍልም። ቀደም ሲል ያነሳሁት የ80,000 ብር ሥጋት የሚወገደው በዚህ ነው። ለዚህም ባንኩ ቁጥሩን መዝግቦ ለመያዝና ለማመሳከር በውል መስማማት አለበት።

ሁለተኛ፣ የሚላከው መልእክት ዕዳው በሚመዘገብበት በዚያው ቅጽበት በዚያው መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋ ሁለቱም አሉ ወይም ሁለቱም የሉም። መስመር ሲመለስ መልእክቱ ከተቀመጠበት ሣጥን ወጥቶ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ለመመለስ የሚያስቸግር ደረጃ ወደ መጨረሻው ይገፋ። ከባንክ የወጣ ጥሬ ገንዘብ በተቃራኒ ምዝገባ አይመለስም። በመሆኑም ሚዛኑ፣ ጥራቱና የአባሉ ማንነት ተጣርቶ ሳያልቅ የክፍያ ትእዛዝ መውጣት የለበትም።

አራተኛ፣ «በሂደት ላይ» የሚባል ሁኔታ በግልጽ ይታይ። በዚህ አሠራር መዝገቦቹ ለጥቂት ጊዜ እርስ በርስ ላይስማሙ ይችላሉ። ይህ የአሠራሩ ጉድለት ነው፤ መደበቅም የለበትም። አባሉ ሲጠይቅ «ተልኳል፣ የባንኩ ማረጋገጫ እየተጠበቀ ነው» የሚል እውነተኛ መልስ ማግኘት አለበት።

ጥበቃውስ?

ሥራው በመልእክት ሲከናወን የኬላው ሥራም ይቀላል። የዩኒየኑ ዋና መዝገብ ከውጭ ለሚመጣ ለማንም በር አይከፍትም። በሁለት ኬላዎች መካከል እንደ እንግዳ መቀበያ የሚያገለግል አንድ ኮምፒዩተር እናቆማለን። ከባንክና ከገዢ የሚመጣው መልእክት እዚያ ይቆማል፣ ይመረመራል፣ ትክክለኛ ከሆነ ብቻ ወደ ውስጥ ይተላለፋል። ያ ኮምፒዩተር ቢደፈር እንኳ ሌባው የሚያገኘው መቀበያውን ነው፤ ጓዳው ሁለተኛ ኬላ አለው።

መስመሩ መመስጠር አለበት። ቲ.ኤል.ኤስ. የሚባለው የምስጠራ ደረጃ 1.0 እና 1.1 እትሞቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆኑ ተወስኗል። እኛ መጠየቅ ያለብን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን 1.2 ወይም በ2018 የወጣውን 1.3 ነው። መታወቂያም ከሁለቱም ወገን መቅረብ አለበት። ብዙ ጊዜ ደንበኛው ባንኩን ያረጋግጣል፤ ባንኩ ግን ደንበኛውን በይለፍ ቃል ብቻ ይቀበላል። በድርጅቶች መካከል ግን ሁለቱም ዲጂታል መታወቂያ ማሳየት አለባቸው። ይህ መታወቂያ የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑን የሚከታተል ሰው ካልተመደበ በመኸር መካከል ክፍያ ሊቆም ይችላል።

ምስጠራ መልእክቱን በመንገድ ላይ እያለ ይጠብቀዋል። ከደረሰ በኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ የሚሆነው ዲጂታል ፊርማ ነው። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ዓይነቱ ሰነድና ፊርማ ሕጋዊ መሠረት ጥለዋል። የአባላትን ስም፣ ስልክና የባንክ ቁጥር ለሌላ ድርጅት ስናስተላልፍ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተናል። ገዢው ድርጅት 8 ኩንታል መዘጋጀቱን ማወቅ አለበት። የአባሉን የባንክ ቁጥር ግን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ አይላክለትም።

ሁለት ትምህርቶች

የመጀመሪያው ከባንግላዴሽ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሌቦች በአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ገብተው በባንኩ ስም የክፍያ ትእዛዞችን ወደ ኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ላኩ። ትእዛዞቹ 35 ሲሆኑ የተጠየቀው ገንዘብ 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ዶላር የተያዘው ሌቦቹ በተቀባዩ ድርጅት ስም ውስጥ አንዲት ቃል በስህተት በመጻፋቸው ነው። ባንኩ ፋየርዎል እንዳልነበረውና ኮምፒዩተሮቹም የተያያዙት በ10 ዶላር በተገዙ አሮጌ ማገናኛዎች እንደነበር የአገሪቱ የፖሊስ መርማሪ ለሮይተርስ ገልጸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ትእዛዞቹ በኒው ዮርክ በኩል ሲታዩ ከትክክለኛ መለያ የመጡ ነበሩ። የሩቁ ኬላ ከውስጥ የተሰረቀን ማንነት አይለይም። ስለዚህ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ክፍያ በሁለት ሰዎች፣ በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች መጽደቅ አለበት።

ሁለተኛው ከቤታችን ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሥርዓት ማሻሻያ ወቅት በተፈጠረ ችግር አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የውጭ ጥቃት እንዳልነበረ ገልጿል፤ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደነበርና አብዛኛው እንደተመለሰም አስታውቋል። እዚህ ላይ ኬላ የጣሰ ሌባ አልነበረም። ችግሩ የተፈጠረው በራሱ በሒሳብ ሥርዓቱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ወጪ ተመዝግቦ ስለነበር ግን ማን ምን ያህል እንደወሰደ ማወቅና ማስመለስ ተቻለ።

ከሁለቱ የምንማረው ኬላና የሒሳብ ሥርዓት አንዱ የሌላውን ቦታ እንደማይተኩ ነው። ጠንካራ ኬላ ይዞ ደካማ ሒሳብ ያለው ይከስራል፤ ጠንካራ ሒሳብ ይዞ ኬላ የሌለው ይዘረፋል።

ምን እንጠይቅ?

የማገናኘቱ ሐሳብ ለጉባኤው ሲቀርብ የኮምፒዩተር ሙያ ሳያስፈልጋችሁ የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርቡ። ስንት በር ይከፈታል፣ ለማን፣ እስከ መቼ? መስመር በመካከል ቢቋረጥ የአባሉ ክፍያ የት ይገኛል? አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለት ጊዜ ይከፈላል? ክፍያን የሚያዘጋጀውና የሚያጸድቀው ሰው የተለያየ ነው? በየቀኑ ማታ የመጋዘኑን፣ የዩኒየኑንና የባንኩን መዝገብ የሚያመሳክረው ማነው፣ ልዩነት ቢያገኝ ለማን ያሳውቃል?

የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ ለቁጥጥር ኮሚቴው እተዋለሁ። የዕለት ማመሳከሪያው ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን ለኮሚቴውም በቀጥታ መድረስ አለበት። ኮምፒዩተር የማኅበርን የቁጥጥር ሥርዓት አይተካም። ፍጥነት ሲጨምር ስህተቱም አብሮ ስለሚፈጥን ቁጥጥሩ የበለጠ ያስፈልጋል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የተደገፈ መልስ ካልቀረበ የእኔ ምክር ጉባኤው ውሳኔውን እንዲያሳድር ነው። አንድ የመኸር ወቅት በወረቀት ደረሰኝ መቆየት ያዘገየናል እንጂ አያጠፋንም። መልሱ ከተሟላ ግን እንዳትፈሩ አደራ እላለሁ። በመጀመሪያ በሁለት ወይም በሦስት መሠረታዊ ማኅበራት ተሞክሮ፣ የወረቀቱ መዝገብ ጎን ለጎን እየተያዘ፣ አንድ ወቅት ከተፈተነ በኋላ ወደ ሌሎቹ ሊሰፋ ይችላል። ያን ጊዜ አባላችን ስንዴውን ባስረከበበት ቀን ክፍያው በሒሳቡ ሊገባለት ይችላል፤ ዩኒየኑም እያንዳንዷ ብር የት እንዳለች ያውቃል።

በዓሉ የሰላምና የደስታ ይሁንልን።